የአጎቴ ጣቢያዎች፦ ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ

አጎቴ ለጥምቀት አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። መመለሻው ሲደርስ አስቸገረን። አውቶቡስ ወገቤን ይለኛል አለ። አውሮፕላን ጆሮዬን ይለኛል አለ። አዲሱን ባቡር ስንለው ደግሞ «እሱን አላውቀውም» ብሎ ዘጋን። ዕድሜውን ሙሉ በምድር ባቡር ትኬት ሲቆጣጠር የኖረ ሰው ነው።

እንደ አጋጣሚ ልጁ አዲስ አበባ የገዛት አሮጌ ኮሮላ ድሬዳዋ የሚያደርስለት ሰው ይፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ። «እኔ ልንዳው፣ ጋሼም አብሮኝ ይሂድ» አልኩ። አጎቴ እሺ ያለው በአንድ ሁኔታ ነው። በድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ መንገዳችን የሚነካውን ጣቢያ ሁሉ ቆመን እናያለን። ማልዶ የተነሳ ሰው ሲመሽ የሚደርስበት መንገድ አምስት ቀን የፈጀብን ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። አጎቴ የድሬ ልጅ ነው። ድሬ ላይ አንቱታ የለም። ቄሱም፣ ሼኩም፣ ከንቲባውም «አንተ» ነው። «አንቱ» ካልኩት «ማንን ነው የምታናግሪው?» ብሎ ወደ ኋላው ያያል። ስለዚህ እዚህም «አለ» እያልኩ እጽፋለሁ። እናቴ ካነበበችው አለቀልኝ፤ ታላቅ ወንድሟ ነው።

ጥር 14፦ ለገሃር፣ አቃቂ፣ ቢሾፍቱ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ለገሃር ነበርን። ታክሲ ረዳቶቹ «ለገሃር! ለገሃር!» ይላሉ። አጎቴ ሳቀ። «ባቡር የለ፣ ጣቢያ ብለው ይጠራሉ» አለ። እውነቱን ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። እኛ ደግሞ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» እያልን ጣቢያን ሁለት ጊዜ ስንጠራ ስንት ዘመን ኖርን።

ህንፃው አለ። የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ባቡሩ ግን አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በፊት፣ በ1909 ነበር። አሁን ዙሪያው «ለገሃር» የሚባለው ትልቅ የግንባታ ፕሮጀክት ነው። ቀና ብለው የሚያዩት ፎቅ ሲበዛ አሮጌው ጣቢያ እንደ አጭር ሽማግሌ መሃል ላይ ቆሞ ይታያል። ቢጫማ ግድግዳው፣ ሰዓቱ፣ በሮቹ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የወጡት በዚህ ባቡር ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

ፊት ለፊቱ ያለውን የይሁዳ አንበሳ አጎቴ እየዞረ አየው። ሐውልቱ የቆመው ለ1923ቱ ዘውድ በዓል ነው። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው። ያቆመው የት መሰላችሁ? የዶጋሊ ሐውልት ሥር፣ ከሮማ ዋና ባቡር ጣቢያ አጠገብ። ከባቡር ጣቢያ ነቅለው ባቡር ጣቢያ ተከሉት ማለት ነው። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ሰይፍ የመዘዘው ይህን አንበሳ ባየ ጊዜ ነው ይባላል። ከነፃነት በኋላ ብዙ ቆይቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ተመልሶ ሲያበቃ ደግሞ ባቡሩ ጥሎት ሄደ።

አጎቴ ፎቶ ተነሳ። ከአንበሳው ጋር አይደለም፤ ከበሩ ጋር። «እዚህ ጋ ነው ትኬት የምቀበለው» ብሎ እጁን ዘረጋ። ያልፍ የነበረ አንድ ልጅ ብር ሊሰጠው ኪሱ ውስጥ ገባ። እስከ አቃቂ ድረስ ሳቅን።

ከከተማ ስንወጣ ሀዲዱን መፈለግ ጀመርን። አንዳንድ ቦታ ብቅ ይላል። ሁለት ብረት ከአጥር ሥር ይወጣና መንገድ አቋርጦ ሌላ አጥር ሥር ይገባል። አቃቂ ላይ አንድ ታሪክ ነገረኝ። ባቡሩ አቃቂ የደረሰው በፈረንጆች 1915 ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917። ጊዜው የዓለም ጦርነት ነበር። የሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር መንገድ ሁለት ዓመት ፈጀ። «ያኔም አዲስ አበባ መግቢያው ላይ መጨናነቅ ነበረ ማለት ነው» አልኩት። ቃሊቲ ላይ ያጠፋነውን ሰዓት እያሰብኩ ነው።

ዱከምን አለፍን። ቢሾፍቱ ገብተን አደርን። እዚያ ስላየነው ብዙ የምለው የለኝም። ቀኑ መሽቶ ነበር፣ አጎቴም ደክሞት ነበር። ሐይቁ ዳር ዓሣ በላን።

ጥር 15፦ ሞጆ፣ አዳማ

ጠዋት መኪና ውስጥ አጎቴ እንደ ዳዊት የሚደግመውን ሰማሁ። «ሆልሆል፣ አሊ ሳቢህ፣ ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽንሌ፣ ድሬ…» የጣቢያዎቹ ስም ነው። ለምን ከጅቡቲ እንደሚጀምር ጠየቅኩት። «ኪሎ ሜትሩ የሚቆጠረው ከዚያ ነዋ!» አለኝ። ዜሮ ጅቡቲ ነው። ድሬዳዋ 310 ገደማ። አዲስ አበባ 784 ገደማ፣ መጨረሻው። እኛ አዲስ አበቤዎች ነገር ሁሉ ከእኛ የሚጀምር ይመስለናል። ለምድር ባቡር ሰው ግን አዲስ አበባ ጫፍ ናት።

ሞጆ ዛሬም የምትኖረው በጅቡቲ ዕቃ ነው። ደረቅ ወደቡ እዚህ ነው። ኮንቴይነር የጫነ መኪና አስፋልቱን ሞልቶታል። ድሮ ፉርጎ ያራግፈው የነበረውን ዛሬ ከባድ መኪናና አዲሱ ባቡር ይካፈሉታል። ሥራው አልጠፋም። ቦታው ብቻ ነው የተቀየረው።

አዳማን አጎቴ ናዝሬት ነው የሚላት። ልትከራከሩት አትችሉም። ከተማዋን ያሳደጋት ባቡሩ ነው። እዚህ ላይ ነው የጉዞው ነገር የገባኝ። የድሮውን ጣቢያ ለማግኘት ካርታ አያስፈልግም። ወደ ከተማው መሃል፣ ወደ አሮጌው ገበያ፣ ወደ ጥንታዊ ዛፎቹ ዝም ብሎ መሄድ ነው። ጣቢያው ከተማ መሃል አልተሠራም፤ ከተማው ነው መጥቶ የከበበው። አዲሱ መስመር ደግሞ ከተሞቹን ሸሽቶ ውጭ ውጭውን ነው የሚሄደው። መሬት ርካሽ ነው፣ ኩርባ አይበዛም፣ ለባቡሩ ይሻላል። ለባጃጅም ይሻላል፤ ከጣቢያ ወደ ከተማ ጥሩ ሒሳብ ይይዛሉ።

አንድ ጣቢያ ላይ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ዘበኛው ፎቶ ከለከለኝ። አጎቴ የጡረታ መታወቂያውን አወጣ። ዘበኛው አገላብጦ አየውና «አባባ፣ ይሄ መሥሪያ ቤት እኮ የለም» አለው። አጎቴ ምንም አላለም። መታወቂያውን በመሀረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። የዚያን ቀን ራት ላይም ብዙ አላወራም።

ጥር 16፦ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ

ወለንጪቲን ካለፍን በኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፉም ጎማ ባዶ ነበር። መኪና የሚሸጥ ሰው ይህን ለምን እንደማይናገር አይገባኝም። አንድ አይሱዙ ሹፌር አዝኖልን እኔንና ጎማውን እስከ ጎሚስታ አደረሰን። አጎቴ መኪናዋን ሲጠብቅ ቀረ።

ጎሚስታው ቸርኬውን የሚቀጠቅጥበት ብረት ዓይኔን ሳበው። የሀዲድ ቁራጭ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ተከፈተ። የበረት ማገር ሆኖ አየሁት። የሱቅ በረንዳ ምሰሶ ሆኖ አየሁት። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የትምህርት ቤት ደወል ሆኖም አየሁት። ሲመታ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። ለአጎቴ ስነግረው የሚናደድ መስሎኝ ነበር። «ከመዛግ ይሻላል» አለ።

መተሐራ መግቢያ ላይ በሰቃ ሐይቅ አለ። በስተግራ ፈንታሌ ተራራ፣ መንገዱ ዳርና ዳር ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ሐይቁ እንግዳ ነገር ነው። ሌላው ሐይቅ ሲደርቅ ይሄ ይሰፋል። ከስድሳ ዓመት በፊት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ውሃው ጨዋማ ነው፣ ለእርሻም አይሆንም። አስፋልቱም ሀዲዱም በየጊዜው አፈር እየተደለደለላቸው ከፍ እየተደረጉ ነው የኖሩት። አጎቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እዚህ ሲደርሱ ባቡሩ ውሃ ላይ የሚሄድ ይመስል እንደነበር አስታወሰ። «ተሳፋሪው ሁሉ ወደ መስኮት ይሄዳል። እኔ ልቤ ይመታል። እነሱ ፎቶ ያነሳሉ» አለ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ቀጥታ ቡፌው ነው የሄድነው።

ስለ ቡፌ ደ ላ ጋር ትንሽ ማለት አለብኝ። ድሮ ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ነው። አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራሉ። ከዚህ ሁሉ በረሃ መሃል ባለ ኮከብ ሰማይ ሥር ንፁህ አንሶላና ሾርባ የሚቀርብበት ቤት የኖረው ለዚህ ነው። ለብዙ ዘመን የያዘችው አንዲት ግሪካዊት እመቤት ነበረች። መስመሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ማዳም ይላታል። ጣቢያው ከሞተም በኋላ ቤቱ አልሞተም። ሰፊ በረንዳ፣ የወረደ ቡገንቪልያ፣ ከፍ ያለ ጣራ፣ ከበረንዳው ፊት ደግሞ ዝም ያለው ሀዲድ።

ከአዲስ አበባ ወዲህ ካየናቸው ሁሉ የኖረው ይሄ ነው። ምክንያቱ ቅርስ ስለተባለ አይመስለኝም። ሰው አልጋ ስለሚከራይበት ነው። ሰው ገብቶ ቡና የሚያፈላበት ቤት ጣራው ቶሎ አይፈርስም።

ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጠን አጎቴ የኮንትሮባንድ ሴቶችን ታሪክ አወራኝ። ከድሬ ሲሳፈሩ ቀጫጭን ናቸው። አዋሽ ኬላ ሲደርሱ ወፍራም። አምስት ቀሚስ ደራርበው፣ ከላዩ ሻሽ፣ ከሥሩ ጨርቅ ጠምጥመው። ላባቸው እየተንቆረቆረ «ትኩሳት ይዞኛል ወንድሜ» ይላሉ። «ፈታሾቹ ሲመጡ አንዷ ሕፃን ልጇን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ጠፋች» አለኝ። «ከዚያስ?» «ከዚያማ ኬላው አልፎ መጥታ ወሰደችው። ልጁም ከባድ ነበር። ለካ እሱንም አራት ሹራብ አልብሳዋለች።»

ጥር 17፦ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ጭሮ

ጠዋት ወደ ገደሉ ሄድን። አዋሽ ወንዝ እዚህ ጋ መሬቱን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። የባቡሩ ብረት ድልድይ ከላይ ተዘርግቷል። ጣሊያን በ1933 ሲሸሽ አፍርሶት፣ ኋላ እንደገና የተሠራ ነው።

አጎቴ ጠርዙ ድረስ አልሄደም። እዚህ አካባቢ ነው የ1977ቱ አደጋ የደረሰው። ጥር 6 ቀን። ኤክስፕረሱ መታጠፊያ ላይ ያለ ድልድይ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ከሀዲዱ ወጣ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 ሰው በላይ ሞተ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከእሱ የከፋ አደጋ የለም። አጎቴ ያን ቀን ተረኛ አልነበረም። ድሬዳዋ ቤቱ ነበር። ወሬው ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ጣቢያው እንደሮጠ፣ ቀዚራ በሚባለው የድሬ ክፍል ውስጥ ልቅሶ ያልተቀመጠበት ሰፈር እንዳልነበረ ነገረኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ቆመ። ከዚያ «እንሂድ» አለ።

አሰቦትን አልፈን ሚኤሶ ቆምን። ሚኤሶ በታሪክ የምትታወቀው በ1909 የልጅ ኢያሱ ወገን ጦርና የአዲስ አበባ ጦር የተገናኙባት በመሆኗ ነው። ለአጎቴ ግን ሚኤሶ የፍየል ጥብስ ናት። ጥብሱ አሁንም ጥሩ ነው። ጣቢያው ጋ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዱ ጎል በሁለት ድንጋይ፣ ሌላው በሁለት የሀዲድ ቁራጭ።

እዚህ ላይ መንገድና ባቡር ይለያያሉ። አስፋልቱ ወደ ቀኝ ተራራውን ይወጣል፤ ጭሮ፣ ሂርና፣ ቁሉቢ። የድሮው ሀዲድ ቆላውን ይዞ ይቀጥላል፤ ሙሉ፣ አፍደም፣ ቢኬ፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ። የምር የጠፉት ጣቢያዎች እነዚህ ናቸው። አዳማ ባቡሩ ቢቀርባት አስፋልት አላት። ሞጆ ኮንቴይነር አላት። አፍደም ምን አላት? ውሃ በባቡር፣ እህል በባቡር፣ መምህርና ነርስ በባቡር ነበር የሚመጣላት። ባቡሩ ሲቆም ሰዓቱም አብሮ ቆመ። አጎቴ እንዲህ አለ፦ «እዚያ ሰው ሰዓት አያስርም ነበር። ‹ባቡሩ ሳይመጣ›፣ ‹ባቡሩ ካለፈ በኋላ› ነው የሚለው።»

በዚህች ቪታሚን አልባ ኮሮላ ወደ ቆላው ልግባ ብዬ ነበር። አጎቴ ትርፍ ጎማውን አስታወሰኝ። ተውኩት። ጭሮ አደርን፤ ብርዱ ሌላ ነው።

ጥር 18፦ ቁሉቢ፣ ደንገጎ፣ ድሬዳዋ

የሐረርጌ ተራራ መንገድ ውብ ነው፤ ግን ስለ እሱ ሌላ ጊዜ። ቁሉቢ ገብርኤልን ተሳልመን ወጣን። አጎቴ ለታኅሣሥ 19 ንግሥ ባቡሩ እንዴት ይሞላ እንደነበር አነሳ። ምእመኑ ድሬዳዋ ወርዶ ከዚያ በመኪናም በእግርም ይወጣል። ድንጋይ ተሸክሞ የሚወጣም አለ። «ትኬት ሲሉት ጥላ የሚሰጠኝ ነበር። ስለት ነው ይለኛል» አለ። «ምን አደረግክ?» «ምን አደርጋለሁ፣ ጥላውን በስቼ መለስኩለታ!» ይህን እውነት ነው ብዬ አልመሰክርም።

ደንገጎ ላይ መኪና አቁመን ቁልቁል አየን። ድሬዳዋ በጭጋግ ውስጥ ተኝታለች። በስተግራ ማለቂያ የሌለው ቆላ። አጎቴ በጣቱ እያሳየኝ ቆጠረ። «ያ ሁርሶ። ከዚያ ወዲያ ኤረር።» እኔ አቧራ ብቻ ነው የሚታየኝ። ኤረር ፍል ውሃ አላት፣ ደግሞ ብርቱካንና መንደሪን። ባቡሩ ገና ሳይቆም ልጆችና ሴቶች ቅርጫት ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው በመስኮት ይመጣሉ። ገንዘብ ይወርዳል፣ ብርቱካን ይወጣል። አንዳንዴ ባቡሩ ተነስቶ መልስ ሳይደርስ ይቀራል፤ በማግስቱ ሲመለሱ ያቺው ልጅ ሳንቲሙን ይዛ ትጠብቃለች። «ቤቴ ያለ ብርቱካን ገብቼ አላውቅም» አለኝ። «ሚስቴ ሥራ የሄድኩ መሆኔን የምታምነው በብርቱካኑ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ድሬ ገባን። ሙቀቱ እንደ አሮጌ ወዳጅ አቀፈን። አጎቴ መስኮቱን አወረደ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ፣ ድምፁም ጨመረ። የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ አንድ ባጃጅ ነጂ «አቦ! መጣህ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። አጎቴ ደስ አለው።

ጥር 19፦ ድሬዳዋ

ቁርስ ፉልና ሻይ በሃሊብ። ከዚያ ወደ ጣቢያው።

ድሬዳዋ ስለ ባቡር ብትወራ ማለቂያ የላትም፤ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። አፄ ምኒልክ በ1886 ለስዊዘርላንዳዊው ሙሴ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ ውሉ ላይ የተጻፈው መንገድ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ ነበር። ሥራው በ1890 ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። ገንዘቡና ተራራው ግን ሌላ ነገር አሉ። ባቡሩን ሐረር ድረስ ማውጣት ከባድ ሆነ። ስለዚህ ከተራራው ሥር፣ ደቻቱ ከሚባለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ዳር ቆመ። ታኅሣሥ 1895። አዲሱን ቦታ «አዲስ ሐረር» ብለውት ነበር። ስሙ አልያዘም። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ። ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተረክቦ መንገዱን እስኪጨርስ አሥራ አራት ዓመት አለፈ። ነጭ ዓባይ የተባለው ወረቀት ላይ ቀረ።

ከእነዚያ ዓመታት በመጀመሪያዎቹ ድሬዳዋ የመስመሩ መጨረሻ ነበረች። ሰው፣ ዕቃ፣ ወሬ ሁሉ እዚህ ይወርዳል። የቀዚራ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የተተከሉት ዛፎች የዚያ ዘመን ናቸው። የአጎቴም ቋንቋ ከዚያ ነው። ድርጅቱን «ሸመንደፈር» ነው የሚለው፤ የጣቢያ ኃላፊው «ሼፍ ደ ጋር»፣ መጠገኛው «አተልየ»።

ጣቢያው ቆሟል። ግንባሩ ላይ የፈረንሳይኛው ጽሑፍ አለ። ጉዳዩን አስረድተን ወደ አተልየው ገባን። እዚህ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም። ከፍ ያለ ጣራ፣ በጣራው ቀዳዳ የሚወርድ ብርሃን፣ ሥሩ በመደዳ የቆሙ ማሽኖች። ሞረዱ፣ መቁረጫው፣ መቀጥቀጫው። የባቡር ጎማ በቁሙ የሚያህለኝ ማረሚያ ላይ ቆሟል። ውጭ ሎኮሞቲቮች ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው ሊትሪና የሚባሉት የሰው ማመላለሻዎችም አሉ።

አንድ ሽማግሌ ማሽን አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አጎቴ ካያቸው ብዙ ዓመት ሆኖታል።

«ሳ ቫ?» አለ አጎቴ።

«ሳ ቫ ቢያን!» አሉት። «አንተ አልሞትክም?»

ተቃቀፉ። ሰውየው ጨርቅ አንስተው አንዱን መዘውር ጠረጉ፣ ዘይት ጠብ አደረጉበት፣ በእጃቸው አዞሩት። ያለ ድምፅ ዞረ። ለማን እንደሚጠርጉት ልጠይቅ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ አጎቴ በክርኑ ጎሰመኝ።

ከጦርነቱ የተረፈ ቦታ ነው ይሄ። በ1969 የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሲመታ መስመሩ ተቆርጦ ለአንድ ዓመት ያህል ባቡር አልሄደም። ድልድዮች ፈርሰው ነበር። ያን ጠግነው አስነሱት። በ1977 ያን ሁሉ ሰው ቀብረው እንደገና አስነሱት። ሐውልት አያስፈልገውም፣ አተልየው ራሱ በቂ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከለገሃሩ ህንፃ በፊት መጠበቅ ያለበት ይሄ ነው። ህንፃ ሲፈርስ በፎቶ አይተው ይሠሩታል። ማሽኑን እያንዳንዱን በስሙ የሚጠራ ሰው ካለፈ ግን የት ይገኛል?

ከሰዓት ቀፊራ ገበያ ገባን። ሙሸበክ ገዛሁ። አጎቴ ሰላምታ ሳይሰጥ የሚያልፈው ሰው ስለሌለ ሁለት መቶ ሜትሩ አንድ ሰዓት ፈጀብን።

ጥር 20፦ መመለስ

መኪናዋን ለልጁ አስረከብኩ። ስለ ትርፍ ጎማው ነገርኩት። ሻጩን ረገምነው።

የመመለሻ ትኬቴ በአዲሱ ባቡር ነው። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ሰፊ፣ ንፁህ፣ ከፍ ያለ። አጎቴ ሊሸኘኝ መጣ። መጀመሪያ ሀዲዱን በዓይኑ ለካ። የእነሱ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ ይሄ ይሰፋል። ከዚያ ከላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ አየ። ከዚያ ትኬት ተቆጣጣሪዋን አየ፤ ዩኒፎርሟን ከእግር እስከ ራስ። «ጎበዝ» አላት። ልጅቷ ግራ ገባት።

ባቡሩ በሰዓቱ ተነሳ። ድምፁ ትንሽ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ቆላው ይሮጣል። ግመል፣ እሾህ፣ ደረቅ ወንዝ። አልፎ አልፎ በሩቁ ቀጭን የአፈር ጉብታ ከእኛ ጋር እኩል ይሄዳል፤ የድሮው መስመር ነው። ከዚያ ይርቅና ይጠፋል። ጣራ የሌለው አንድ የድንጋይ ቤት አየሁ። ጣቢያ ይሁን በረት ሳልለይ አለፈ።

ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ነው።

«የት ደረስሽ?»

«ገና መንገድ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አይ፣ ዝም በይ፣ እኔ ልንገርሽ።» ትንሽ አሰበ። ሰዓቱን እያየ መሆን አለበት። «አሁን ኤረር ልትገቢ ነው።»

መስኮቱ ላይ ነጭ የጣቢያ ሰሌዳ ብልጭ ብሎ አለፈ።

«ጋሼ፣ አፍደምን አለፍን እኮ።»

መስመሩ ላይ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«አቦ!» አለ በመጨረሻ። «ብርቱካን ሳትገዢ?»